የሁለት ቁልፍ ጨረታ

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 9

ቱሊፕ 40 ባልዲ። አነሞን 12። የዝዋይ ጽጌረዳ 20፤ ሁለቱ ባልዲ አንገቱን ደፍቷል፣ ፎቶ አንስቼ ቅሬታ ልኬያለሁ። ሚሞሳ 3። ለማቀርብላቸው ሰባት ሱቆች ይበቃል።

አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ሁሉንም ገዝቼ ጨረስኩ። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ በቤት ጫማ፣ ላፕቶፑን ከዳቦው ጎን አድርጌ። ከነጋ ያወራሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እሱንም ለቡና ማሽኑ።

የአበባ ጨረታው አዳራሽ ውስጥ የገዢዎቹ መቀመጫ ከተዘጋ ሦስት ዓመት። አበባው አሁንም ይመጣል፣ ጋሪዎቹም ይሄዳሉ። ሰው ብቻ መምጣቱን ተወ። ሁላችንም ከየቤታችን እንገዛለን። ይሻላችኋል አሉን። ለወገቤ እውነትም ተሽሎኛል።

የቅዳሜው ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ሂለሆም ከተማ፣ ቲመን ቤት ሄጄ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት እሱ ወንበር 215 ላይ፣ እኔ 214 ላይ ተቀምጠናል። ቅዳሜ ፊት ለፊት አስቀመጡን። መሃላችን ጠረጴዛ፣ ሚስቱ አፍከ ያቀረበችው ቡና፣ ለእያንዳንዳችን አንድ ብስኩት። ከስትሮኩ ወዲህ ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ተቀምጧል። ከአፉ የሚወጡት ሦስት ቃላት ናቸው፦ «እሺ»፣ «የለም»፣ «እንግዲህ»።

እሱስ ታሟል። እኔ ጤነኛዋ ምን አወራሁ? ስለ ዝናቡ። ሁለት ጊዜ።

ሃያ ደቂቃ ላይ ሰዓቴን አየሁ። ሳይ አየኝ።

ያን ሁሉ ዓመት ፊቱን በሙሉ አይቼው አላውቅም ማለት ነው... የማውቀው ግራ ጆሮውን ነው።


ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 10

አፍከ ደወለች። ዙሪያ ጥምጥም የማትሄድ ሰው ናት።

«ያኮሚን፣ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ሁለት ቀን ምግብ ገፋ።»

«ምን አደረግኩት?»

«ምንም። ሰው መጥቶ አፉን እያየ ሲጠብቀው ያመዋል። ሌሎቹን የድሮ ጓደኞቹን ሁሉ እንዲቀሩ ነግሬያቸዋለሁ። ያንቺም... ቢቀርስ?»

ልክ ናት። እሷ ናት አብራው የምትውለው። እሺ ልል አፌን ከፈትኩና «አንድ ሐሳብ አለኝ» አልኩ።

ምንም ሐሳብ አልነበረኝም። ዕቃው እጄ ሳይገባ ሸጥኩ።

«እንግዲያው ሐሳብሽ ሲደርስ ደውይ» ብላ ዘጋችው። አስቀይማኝም አይደለም። ግን ቲመን ከቀረ ማን ቀረኝ? ቆጠርኩ። ደንበኞችን ካላስገባሁ ቶሎ ያልቃል።


ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 13

ወደ ሃርለም ስነዳ፣ ድልድዩ ለጀልባ ተነስቶ ቆምን። ጀልባዋ እስክታልፍ ከጎኔ ያለውን ባዶ ወንበር አየሁ።

ፊት ለፊት መቀመጣችን ነው ጥፋቱ። እኔና ቲመን ተያይተን አውርተን አናውቅም። ጎን ለጎን ሆነን፣ ወደ ፊት እያየን፣ እጃችን የመግዣው ቁልፍ ላይ ሆኖ ነው ያወራነው። የጨረታውን ሰዓት ብንመልሰውስ? ጌም ቢሆን? ቴሌቪዥኑ ላይ። ለሁለት ሰው፣ ሁለት ቁልፍ።

ቫኑን አቁሜ በደረሰኝ ጀርባ ጻፍኩ፦

ትልቅ ክብ ሰዓት። የሚያሳየው ጊዜ ሳይሆን ዋጋ ነው። ከመቶ ሣንቲም ይጀምርና ወደ ታች ይሮጣል። መጀመሪያ የተጫነ ያቆመዋል፤ አበባው በቆመበት ዋጋ የሱ ነው። ከቸኮለ በውድ ገዛ። ከዘገየ ሌላ ሰው ወሰደበት።

በቃ፣ ይኸው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁት ሥራ ከአንዲት ደረሰኝ ጀርባ አልበለጠም።

አሁን ጥያቄው... ማን ይሠራዋል? ዋጋ ጠየቅኩ፤ ሌላ ቫን የሚገዛ ነው። ራሴው እሠራዋለሁ። ስልኬን እንኳ የሚያስተካክልልኝ የስልክ ሱቁ ሰው ነው፣ ግን ራሴው።


ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 17

ላይብረሪ። ረቡዕ ከሰዓት የኮምፒውተር ጠረጴዛ አለ፤ ግራ የገባው ሁሉ ይመጣል። ጠረጴዛውን የያዘው ዊኸር ይባላል። ጡረታ የወጣ የትራም ሹፌር፣ ሰባ ዓመት ይሆነዋል፣ ሹራቡ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ አለ።

«ምን ጠፋብሽ?» አለኝ።

«ምንም። ጌም መሥራት እፈልጋለሁ።»

መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝ። «እዚህ የሚመጡት ኢሜይላቸው የጠፋባቸው ናቸው።»

«የኔ አልጠፋም።»

«ፕሮግራም ጽፈሽ ታውቂያለሽ?»

«የዋጋ ዝርዝር ጽፌ አውቃለሁ።»

«ይቀራረባል» አለ። ወረቀቴን አነበበና ጣቱን አሳረፈበት። «እዚህ ጋ ተሳስተሻል። ጨረታ ወደ ላይ ነው የሚሄደው።»

«የኛ ወደ ታች ነው።»

«ታዲያ ማን ያሸንፋል?»

«መጀመሪያ መታገስ ያቃተው።»

«ተሸናፊው ነዋ የሚያሸንፈው!»

«አበባውን ይዞ ይሄዳል አይደል?»

ሳቀ። ከዚያ ልጆች የሚማሩበትን ፕሮግራም ከፈተልኝ። የሚጻፍ ነገር የለውም። ባለቀለም ብሎኮች ናቸው፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ትእዛዝ አለ፦ «ቁልፉ ሲነካ»፣ «ግማሽ ሴኮንድ ጠብቅ»፣ «ቁጥሩን በአንድ ቀንስ»። ከላይ ወደ ታች ሲደረደሩ ይያያዛሉ።

«ትራም ነው በቃ» አለ ዊኸር። «ፊተኛውን ከጎተትሽ ከኋላው ያለው ሁሉ ይከተላል። ይህን አትርሺ።»


ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 31

አንድ ክብ ሠራሁ። አይንቀሳቀስም።


ማክሰኞ፣ ፌብሯሪ 6

ተንቀሳቀሰ። ወደ ላይ። ለዊኸር በስልክ ፎቶውን ላክሁለት። «አላልኩሽም?» ብሎ መለሰ።


ዓርብ፣ ፌብሯሪ 9

ኮምፒውተር ብልህ ነው የሚሉት ከምኑ አይተው ነው? ምንም አያውቅም። የተሸጠ ዕቃ ተሸጠ ብዬ ካልነገርኩት ደግሞ ይሸጠዋል። ዛሬ አንዱን ቱሊፕ ሦስት መቶ ጊዜ ሸጠው። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ብቀጥር እስከ ምሳ ሰዓት አላቆየውም። ግን አያኮርፍም፤ በነገርኩት ልክ ነው የሚሠራው። ያልነገርኩት ምን እንደሆነ መፈለግ የኔ ፋንታ ነው።

እኔ ደግሞ ምን እንደማውቅ አላውቅም። መቼ እንደምጫን ዊኸር ጠየቀኝ። «ሲደርስ» አልኩት። «ለኮምፒውተር ሲደርስ የሚል ብሎክ የለም» አለ።


ሰኞ፣ ፌብሯሪ 12 – ረቡዕ 14

ቀይ ጽጌረዳ። ሌላ ምንም። ለሌላ ሰው ፍቅር ሦስት ቀን መኪና ነዳሁ።


ረቡዕ፣ ፌብሯሪ 21

ሰዓቱ ይወርዳል! ሁለት ቁልፍ ከኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገዛሁ፣ ትልልቅ፣ ለግራ አውራ ጣት የሚመቹ። ሰማያዊው የሱ፣ አረንጓዴው የኔ። ዊኸር ሽቦውን በየደው። ብየዳው ንጹሕ ነው።

ቀጥሎ አዳራሹ። እኔና ቲመን ብቻችንን ገዝተን አናውቅም፤ ከኋላችን የተደረደሩት አበባ ወደ ውጭ ላኪዎች ከአፋችን ይነጥቁን ነበር። ሠላሳ ግራጫ ራሶች ሣልኩ። ለእያንዳንዳቸው፦ «ዋጋው እዚህ ሲደርስ ተጫን»። የሚጫኑበት ዋጋ በየጊዜው ይለዋወጣል።

ልክ ነው፣ ግን የሞተ ነው። ምን ጎደለው? ብዙ አሰብኩ። ድምፅ። ወንበር ሲንቋቋ፣ ወረቀት ሲገለጥ፣ ሰው ሲስል። አዳራሽ ማለት ሳል ነው።

ከሰዓት ቫኑ ውስጥ ተቀምጬ፣ መስኮት ዘግቼ፣ ሳልኩ። አሥራ አንድ ዓይነት ሳል ቀዳሁ። የወፍራም ሰው፣ የሚያጨስ፣ የሚያፍር... አንዲት ሴት ውሻዋን ይዛ አልፋ ተመልሳ መጣች፤ በመስታወቱ «ደህና ነሽ?» አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት።

ቤት ገብቼ ከፈትኩት። ሠላሳ ሰው፣ ሁሉም እኔ።


ቅዳሜ፣ ማርች 2

ደውዬ ሐሳቤ ደርሷል አልኳት። አፍከ «በአራት ሰዓት ነይ፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ» አለች። ልክ በአራት ሰዓት ደረስኩ።

ሶፋው ላይ ጎን ለጎን። እሱ በስተቀኜ፣ እንደ ድሮው። ሰማያዊውን ቁልፍ ግራ እጁ ሥር አስቀመጥኩለት። ቴሌቪዥኑ ላይ ሰዓቱ ሲወጣ ጀርባውን ቀና አደረገ። ሳሉን ሲሰማ ዞሮ ወደ ኋላ አየ! እውነቴን ነው፣ ከሶፋው ጀርባ ያለውን ግድግዳ አየ።

ጀመርን። ሃያ ዙር። ሲያልቅ ቁጥሩን አየሁ። እኔ አሥራ ሰባት፣ አዳራሹ ሦስት፣ ቲመን ዜሮ።

እስኪያልቅ አላስተዋልኩም። ይህን እዚህ መጻፍ አለብኝ። አንድም ጊዜ አላየሁትም። ሰዓቱን ብቻ ነው ያየሁት።

«እንግዲህ» አለ ቲመን፣ ቁልፉን ትራሱ ላይ አኖረ።

አፍከ በር ላይ፦ «ለማሸነፍ ነው እንዴ የመጣሽው?»

«እጄ ነው» አልኩ።

«የሱ እጅስ?»

አንድ ጊዜ ደግሞ ልሞክር አልኳት። በሩን ከፈተችልኝ። «ምግብ ከበላ እደውልልሻለሁ።»


ሰኞ፣ ማርች 4

በልቷል። ቅዳሜ መሄድ እችላለሁ።

መፍትሔው ቀላል ነው። አንድ ብሎክ ብቻ፦ አረንጓዴው ቁልፍ ሲነካ ግማሽ ሴኮንድ ቆይ። እጄ እንደ ልማዱ ይጫናል፣ ሰዓቱ ግን ይዘገያል። በዚያ ግማሽ ሴኮንድ የሱ አውራ ጣት ይደርሳል። የጨረታው መደዳ አናት ላይ፣ ከአዳራሹ ብሎኮች በላይ ሰካሁት። አዳራሹንም ትንሽ አቀዘቀዝኩት።

ግማሽ ሴኮንድ ለደንበኛ የማደርገው ቅናሽ ነው። ማን ያውቃል?


ቅዳሜ፣ ማርች 9

አወቀ።

መጀመሪያ ጥሩ ነበር። ከሰባት ዙር ስድስቱን ወሰደ። አፍከ ወጥ ቤት ሆና «ጎበዝ!» ትላለች። በስምንተኛው አልተጫነም። ሰዓቱን ትቶ እጄን አየ። ተጫንኩ። ሰዓቱ ትንሽ ቆይቶ ቆመ።

ቲመን በሠላሳ አምስት ዓመት ሥራ ሰዓቱ ከእጅ በኋላ ሲቆም አይቶ አያውቅም። ትንሿን መዘግየት ከኔ በላይ ነው የሚያውቃት። ግራ እጁን አሻግሮ ጣቴን ከአረንጓዴው ቁልፍ ላይ አነሳው። ቀስ አድርጎ። ቁጣ እንኳ አልነበረበትም።

«የለም» አለ።

ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረ። እስክወጣ አልዞረም።

አፍከ ምን እንደሆነ አልገባትም፣ ፊቱን ግን አየች። ኮቴን ስታቀብለኝ፦ «አመሰግናለሁ ያኮሚን። ከልቤ ነው። አሁን ግን በቃ።»

መንገድ ላይ አሰብኩት። አንድ ሰው የበሰበሰ ጽጌረዳ ቢሸጥልኝ እናደዳለሁ፣ እከራከራለሁ። አዝኖልኝ ቢሸጥልኝስ? ሁለተኛ ዓይኑን አላየውም ነበር።


ረቡዕ፣ ማርች 13

ዊኸርን አማከርኩ።

«አሸንፎ ነበር እኮ» አለ። «ምን ፈለገ?»

«ስላሸነፈ አይደለም። ስለለቀቅኩለት ነው።»

መበየጃውን አስቀመጠ። እንዲህ አለ፦ «ጡረታ ስወጣ እሁድ እሁድ የሙዚየሙን አሮጌ ትራም እንድነዳ ጋበዙኝ። አንድ ወጣት ከጎኔ ቆሞ ፍሬኑን ይዟል፣ ለደህንነት ነው ይላል። አርባ ዓመት የነዳሁትን መስመር!»

«ምን አደረግክ?»

«አንድ እሁድ ሄድኩ። አሁን ረቡዕ እዚህ ነኝ።»

ከዚያ ኢሜይሉ የጠፋበት ሰው መጣ።


ረቡዕ፣ ማርች 20

ናርሲስ 60። ቱሊፕ 50። ላይብረሪ አልሄድኩም። ስልኬ ጠፍቶ ይሆን ብዬ ሁለቴ አየሁ። በርቷል።


ቅዳሜ፣ ማርች 23

አራት ሰዓት ላይ ቫኑን አጠብኩ። ቆሻሻ አልነበረም።


ሐሙስ፣ ማርች 28

እንደ አገራችን ልማድ ሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የልደት ካላንደር የቲመን ስም ወሩን ሙሉ ሲያየኝ ከረመ። 28። በየዓመቱ ወንበሩ ላይ የሊኮሪስ ከረሜላ ከረጢት አስቀምጥለት ነበር። ዘንድሮ የቱ ወንበር ላይ?

አትምጪ ያለችኝ ሴት ቤት መደወል ይገባል? ግን ልደት ነው። እኛ ጋ በልደት ቀን ባል ብቻ ሳይሆን ሚስትም እንኳን ደስ አለሽ ትባላለች፤ ይህን ማንም ሊከለክለኝ አይችልም። ደወልኩ።

«አፍከ፣ ለባልሽ ልደት እንኳን ደስ አለሽ።»

«አመሰግናለሁ።» ከኋላዋ ድምፅ የለም፤ የሚበላ፣ የሚሳቅ፣ የሚንቋቋ ነገር የለም። በዚህ ቀን ያ ቤት ይሞላ ነበር። «የደወልሽው አንቺ ብቻ ነሽ» አለች። «እንዳይመጡ ያልኳቸው ደግሞ ስልኩንም ተዉት።»

«ሰማያዊው ቁልፍ እናንተ ጋ ቀርቷል» አልኳት። ሌላ የምለው አጥቼ ነው።

«እሱ ጋ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል። ሳነሳው ይቆጣል።»

ልቤ ዘለለ። ድምፄን ግን እንደ ነጋዴ ያዝኩት። «ጌሙን አስተካክለዋለሁ። ምንም ቅናሽ የለውም። ሙሉ ዋጋ።»

«ስለ ምን እንደምታወሪ አይገባኝም» አለች። «አንድ ጊዜ። የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ። ካልሆነ ግን ቁልፉን ይዘሽ ትሄጃለሽ።»


ረቡዕ፣ ኤፕሪል 3

ግማሽ ሴኮንዷን ብሎክ ይዤ ጎትቼ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣልኳት። ደስ አለኝ።

እንግዲህ እኔ አሥራ ሰባት፣ እሱ ዜሮ ሊሆን ነው? ሊሆን ይችላል። ግን ሃያ ዙር ሙሉ እኔ እንድገዛ ማን አስገደደኝ? አዳራሹ ውስጥ የምገዛው ደንበኛዬ የጠየቀኝን ብቻ ነበር። ዝርዝር ጻፍኩ፦ ለኔ ሰባት ዓይነት አበባ፣ ለሱ ሰባት ዓይነት። ፒዮኒን ሁለታችንም እንፈልገዋለን፣ እንደ ድሮው። የቀረው ለአዳራሹ። ጠላታችን ከኋላችን የሚስለው ነው።

መሞከር ነበረብኝ፣ ጊዜ አልነበረም። የፋሲካ ትእዛዝ ተመላሹ፣ ቅሬታው... ቅዳሜ ጠዋት በቀጥታ።


ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 6

ከመርሳቴ በፊት፣ እንደሆነው።

አራት ሰዓት። ሶፋው። ዝርዝሩን ጉልበቱ ላይ አኖርኩለት። አነበበ፤ ማንበብ ይችላል። ጣቴን አይቶ፣ ሰዓቱን አይቶ፣ አበባ ሳይቀርብ አንድ ጊዜ ባዶውን እንድጫን በጣቱ ጠቆመኝ። ተጫንኩ፤ ወዲያው ቆመ። «እሺ» አለ።

የመጀመሪያው ዕቃ ፒዮኒ። 100... 80... 60። አልተጫንኩም፤ ገና ነው። እሱም አልተጫነም። 40። በዚህ ዋጋ ከኋላ አንዱ መንጠቅ ነበረበት። ማንም የለም። ሳል ብቻ። 20። ምን ሆነዋል? 10። በሕይወቴ ፒዮኒ በአሥር ሣንቲም አይቼ አላውቅም። እንደዚህ ከወረደ ዕቃው ይነሳና ይጣላል፤ ሰዓቱ እዚያ እስኪደርስ አዳራሹ አይታገስም። 5። 1። ዜሮ።

ይቆማል ብዬ ጠበቅኩ።

ከዜሮ በታች አንድ። ሁለት። ሦስት።

ማንም ዜሮ ላይ ቁም አላለውም። እኔ አላልኩትም! ዜሮ ደርሶ ስለማያውቅ ለኮምፒውተሩ መንገር አለብኝ ብዬ እንዴት ላስብ? አሁን አበባውን ለወሰደ ሰው ገንዘብ ይጨመርለታል። በየሴኮንዱ ተጨማሪ።

ላፕቶፑን ልዘጋ እጄን ዘረጋሁ። መለስኩት። ዋጋ እየወረደ ነው... ማን ነጋዴ ነው የሚነሳው? ሰባ። ሰማንያ። ከጎኔ ያለውም አልተነቃነቀም። ሁለታችንም ወደ ፊት። መቶ ሃያ።

«ምንድነው ዝምታው?» አለች አፍከ ከወጥ ቤት።

የቲመን ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ደነገጥኩ፤ ሌላ ስትሮክ መሰለኝ። ዞርኩ። ግማሽ አፉ እየሳቀ ነበር። እንባው በግራ ጉንጩ ይወርዳል። ያንን ሳይ ጣቴ ሳላውቀው ወደ አረንጓዴው ሄደ።

«ጠብቂ» አለኝ።

ከሦስቱ ቃላት አንዱ አይደለም። አዲስ ነው። ጥርት ያለ።

ጠበቅኩ። ሁለት መቶ። ሦስት መቶ። አፍከ ፎጣ ይዛ መጣችና ከፊታችን ቆመች፣ ከለለችን፤ ሁለታችንም በአንድነት «ዞር በይ!» ብለን እጃችንን አወናጨፍን። እኔ በአፌ፣ እሱ በእጁ።

«ይህን ሁሉ የሚከፍለው ማን ነው?» አለች።

«አብቃዩ።»

«ምስኪን!» ብላ ሶፋው ክንድ ላይ ተቀመጠች።

ስድስት መቶ። እኔ ሰባት መቶን ለመጠበቅ ወስኛለሁ፤ ክብ ቁጥር ነው። ስድስት መቶ አሥራ ሦስት ላይ ሰዓቱ ቆመ። ሰማያዊ በራ።

ቀደመኝ። ማንም አልረዳውም፣ እኔም አልለቀቅኩለትም። ክብ ቁጥር እንደምወድ ያውቅ ነበር? ያውቃል እንጂ። ሃያ ሁለት ዓመት ከጎኔ ተቀምጦ!

የተፈቀደልኝ አንድ ሰዓት አልፎ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆየሁ። ቡና ሁለተኛ ጊዜ ቀረበ፣ ብስኩትም ሁለተኛ ጊዜ። ስወጣ አፍከ አጀንዳዋን ከፈተችና ለቅዳሜ «ያኮሚን፣ አራት ሰዓት» ብላ ጻፈች። በእርሳስ አልነበረም፣ በእስክሪብቶ ነው።


ረቡዕ፣ ኤፕሪል 10

ዊኸር ብሎኮቹን አይቶ ራሱን ያዘ። «ትራም ነው አላልኩሽም? ግማሽ ሴኮንዷን ስትጎትቺ ከሥሯ የተያያዘውን አዳራሽ በሙሉ ይዛ ሄዳለች። ሠላሳ ሰው ቆሻሻ ውስጥ ጥለሻል!»

«ሳሉስ?»

«ሳሉ ሌላ መደዳ ላይ ስለሆነ ተርፏል።» ተስተካክሎ ተቀመጠ። «በይ እንመልሳቸው። ዜሮ ላይም ማቆሚያ እናድርግ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።»

«አዳራሹን መልስ። ግን በአሥር ዕቃ አንድ ጊዜ ዝም ይበሉ፤ የትኛው ላይ እንደሆነ እኔም እንዳላውቀው አድርገው።»

«ዜሮስ?»

«ዜሮን አትንካው።»

«ስህተት ነው እኮ።»

«የኔ ስህተት ነው» አልኩት። «ተወው።»


እሁድ፣ ኤፕሪል 14

ትናንት። ቲመን ስድስት፣ እኔ ስምንት፣ አዳራሹ ስድስት። ሙሉ ዋጋ።

አፍከ እንደገና የሶፋው ክንድ ላይ ተቀምጣ ስታይ ቆይታ፦ «ሠላሳ አምስት ዓመት በሌሊት ተነስቼ ዳቦውን ጠቅልዬ ሸኘሁት። የሚያየው ይህን ነበር?»

«ይህን ነበር» አልኳት።

«እኔስ?»

እጇን በእጄ ላይ ጭና ተጫነች። ሰዓቱ ገና ዘጠና ስምንት ላይ ነበር። እንዲህ በውድ የገዛ ሰው በሕይወቴ አላየሁም።

«ውድ!» አለ ቲመን። ይህም አዲስ ቃል ነው።

«ወደድኩት፣ ገዛሁት» አለች። «ምን አገባህ?» ለመከራከር ከሶፋው ክንድ ወርዳ መሃላችን ገባች። ከሱ ጋር ስትከራከር ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ ብሏት ነበር።

ቤት ገብቼ ለማን ላውራው? ሃርለም ያለው ሱቅ እሁድ አይከፈትም፤ ዊኸርም እስከ ረቡዕ አይገኝም። ስለዚህ እዚህ ጻፍኩት። ረጅም ቅዳሜ ነበር፣ እሁዱም ከዚያ የበለጠ ይረዝማል። ሆኖም ሌላ ቅዳሜ ተይዟል።

ነገ፦ ሊላ 8 ባልዲ ለሃርለም፣ ቱሊፕ እንደ ዋጋው። ከሰባት ሰዓት በኋላ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ፤ ሰኞ ጠዋት ዝግ ነው። አንድ ትልቅ ቁልፍ፣ ቢጫ ካለ ቢጫ። ሽቦ ሦስት ሜትር።